የጠዋት አክታ

ማንን ልመን፤ ደሟን ወይስ አክታዋን? ሆላንድ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ የሚያደክመኝ እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው። እዚያ ያሉት የምርምር ባልደረቦቼ የላክሁላቸውን የጥናታችንን ታካሚ የትርንጎን ደም ሁለት ጊዜ መርምረው «ቲቢው ገና አልለቀቃትም» ብለው ጻፉልኝ። ቤቷ ሆና በፕላስቲክ ዕቃ እያጠራቀመች በእህቷ እጅ የምትልከው የጠዋት አክታ ግን ሦስቴም ንጹሕ ሆነ።

ትርንጎ ቸኩላለች። መተማ፣ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ወጥ ሠሪ ሆና ልትቀጠር ነው። «ዶክተር፣ ድነሻል ይበሉኝና ልሂድ» አለችኝ። አክታውን አመንኩ። መድኃኒቱን አስቆምኳት፤ ለሆላንዶቹም የደም ምርመራችሁ ተሳስቷል ብዬ ጻፍኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ታላቅ እህቷ ዘርፌ የትርንጎ ቁጥር የተለጠፈበት የአክታ ዕቃ ይዛ መጣች።

«ትርንጎ ተመለሰች እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ እዚያው መተማ ናት። የጥናቱ ቀጠሮዋ እንዳያልፍባት ብዬ ነው።»

«ታዲያ ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ። እሷ ጠዋት ጠዋት አልወጣላት ሲል ሁሌም የምሞላላት እኔ ነኝ።» ፊቴን አይታ ግራ ገባት። «የአንድ እናት ልጆች አይደለን እንዴ፣ ዶክተር?»

የትርንጎ ስልክ ዝግ ነው። «አልዳንሽም። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ» ብዬ ጻፍኩላት።

አጨዳው አለቀ፤ አብረዋት የከረሙት ሠራተኞችም ወደየቤታቸው ገቡ። መልስ አልመጣም።