ከስሟ ቀጥሎ

«ይቺንም ጣያት እንጂ!» አለ የቀድሞ ባሏ፣ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ።

ጥንዚዛ አጥኚዋ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም። «መጀመሪያ ትንፋሽህን ከአንገቴ ላይ አንሳልኝ።»

መሳቢያው ውስጥ የተደረደሩት ጥንዚዛዎች የታናሽ ወንድሙን ጃኬት የለበሰ ሰው ይመስላሉ፤ የክንፋቸው መሸፈኛ ከወገባቸው አያልፍም። ስንት ዝርያ እንደሆኑ የተስማማ ሰው የለም። እሱ ግን በትዳራቸው ዘመን ከፋፍሎ ስም አወጣላቸው፤ እንደ ሙያው ወግም ከያንዳንዱ ስም ቀጥሎ የእሱ ስም ተጻፈ። ከተፋቱ በኋላ ሙዚየሙ ምደባውን እንድትፈትሽ አዘዛት። እሷም አምላኳን አመሰገነች።

«በቀለም ብቻ ነው የለየሃቸው» አለችው። «ቀለም ደግሞ በዕድሜ ይለወጣል። ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ኖረሃል!» አንድ ስም በሰረዘች ቁጥር የእሱም አብሮ ይሰረዛል። ደስ አላት፣ ምን ትደብቃለች።

የቀረችው አንዲት ዝርያ ናት፤ በተጋቡበት ዓመት በእሷ ስም የሰየማት።

«ስሜ ካንቺ ስም ጎን እንዲውል አልፈልግም» አለ።

«እኔስ የምፈልገው መሰለህ?»

የወንዱን ጥንዚዛ ሆድ በመርፌ ከፈተች። ዝርያን በእርግጥ የሚለየው ብልቱ ነው፤ የዚህኛው ጫፍ እንደ መንጠቆ ቆልመም ብሏል። የሌሎቹ ቀጥ ያለ ነበር። ሌላ ወንድ አውጥታ አየች። ያው መንጠቆ። ልቧ ቅጥል አለ፤ ዝርያዋ የእውነት ከሆነች የእሱም ስም ከስሟ ጎን ይቀራል።

«ከሌሎቹ ጋር አንድ ናት» ብላ ብትጽፍ ማን ያያታል? እልህ ምላጭ ያስውጣል። ይሄን ውሸት ግን መዋጥ አቃታት።

«ምነው፣ ምላስሽን ዋጥሽ?»

«የተለየች ናት።»

«ውሸታም!» ገፍትሯት ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ጠቁሯል። «እዚህም አልለቅ አልሽኝ» አለና በሩን አላትሞ ወጣ።

የተሰረዙት ስሞች የተጻፉባቸውን ወረቀቶች ከመሳቢያው ለቅማ ቅርጫት ውስጥ ጣለች። የመጨረሻዋ ዝርያ ወረቀት በእርጅና ወይቧል፤ መቀየር ነበረበት። አዲስ ቆርጣ በደቃቅ ፊደል የራሷን ስም ጻፈች።

ቀጥሎ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ የእሱን።