አስራ ስድስተኛው ክብ

ቃታውን ስስበው አሮጌው ጠብመንጃዬ ትከሻዬን ነካ ያደርገኛል። በመነጽሩ አያለሁ። የዒላማ ወረቀቴ አስራ ስድስተኛው ክብ ላይ ቀዳዳ የለም።

ርቀቱ ሃምሳ ያርድ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፣ ጠብመንጃው ጠረጴዛ ላይ በአሸዋ ከረጢት ተደግፏል። እንዲህ ተመቻችቶለት ዒላማ የሚስት ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል። አፈሙዙን በቀስታ ወደ ግራ ሳዞር ቀዳዳዋን አገኛታለሁ፤ የጎረቤቴ ዒላማ ላይ፣ አስራ ስድስተኛው ክብ፣ እምብርቱ ላይ። ረድፍ ስቀይር አብዝቼ ገፍቼ የሰው ዒላማ መትቻለሁ።

አጠገቤ ባለው ጠረጴዛ የሚተኩሱት ጎረቤቴ ኤልዉድ ናቸው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ጠብመንጃቸው በአራት ዓመት ይበልጣቸዋል። ይህን ጨዋታ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አሸንፌያቸው አላውቅም። ዛሬ ግን በመጀመሪያው ዙር በሁለት ነጥብ በልጫቸዋለሁ። አሁን እጄን አንስቼ ጥፋቴን ብናገር አስር ነጥብ ይቆረጥብኛል፣ ዋንጫውንም በዓይኔ አላየውም።

እጄን አላነሳም። ለሙከራ ተኩስ ካስቀመጥኩት ባኮ አንድ ጥይት አወጣና ባዶውን ክቤን እመታዋለሁ። ትርፉን ባዶ ቀለህ ኪሴ እከተዋለሁ። ሕጉ ሃያ አምስት ክብ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ጥይት ነው፤ የኔ ወረቀት ንጹሕ ነው። እሳቸው አንዱ ክብ ላይ ሁለት ቀዳዳ ይገኝባቸውና አንድ ነጥብ ይቀነስባቸዋል። በአንድ ነጥብ የሞተ የለም እላለሁ ለራሴ። ቶሎ ቶሎ እተኩሳለሁ። አስራ ሰባት፣ አስራ ስምንት፣ አስራ ዘጠኝ።

አንድ ነገር አላሰብኩም። ኤልዉድ አስራ ስድስተኛው ላይ ገና አልደረሱም።

"አንተ" ይሉኛል በሹክሹክታ።

በውድድር መሀል ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ዞር ስል ፊታቸው አመድ መስሏል።

"አስራ ስድስተኛውን ተኩሻለሁ እንዴ?"

ባለፈው ወር ከዚሁ ሜዳ ወደ ቤታቸው ሲነዱ መንገዱ ጠፍቷቸው፣ በማግስቱ ሌላ ግዛት፣ አዮዋ ውስጥ አንድ ነዳጅ ማደያ ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ የምትነዳቸው ልጃቸው ማርሊስ ናት፤ አሁንም ከኋላችን ተቀምጣ ዓይኗን ከሳቸው አልነቀለችም። ጠዋት መኪናው አጠገብ ሰምቻቸዋለሁ። "እጄ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለኝም" አሏት። "የተኮስኩትን የማላውቅ ቀን ግን ጠብመንጃውን ውሰጂው፣ የምትይው መጦሪያ ቤትም እገባልሻለሁ። አልከራከርሽም።"

ጥይት የሚደረድሩበት ሃያ አምስት ጉድጓድ ያለው እንጨት ፊታቸው አለ። በጣታቸው ይቆጥራሉ፣ እንደገና ይቆጥራሉ።

"አስር ቀርቶኛል። እንጨቱ አልተኮስክም ይለኛል፣ ወረቀቱ ተኩሰሃል ይለኛል።"

"ጋሼ፣ የኔ ናት። ተሻግሬ የመታሁት እኔ ነኝ።"

ያዩኛል። ከዚያ በመነጽራቸው ዒላማዬን ያዩታል፣ ረድፍ በረድፍ።

"ያንተማ ሙሉ ነው። እስክትደርስበት ድረስ አንድ ባዶ የለህም።"

"ከባኮው አውጥቼ ደግሜ ተኩሼ ነው! ለመሸፈን!"

"አንተ?" ፈገግ ይላሉ። "አንተ ልታጭበረብር? ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁ?"

"እንጨቱን ይመኑት እንጂ! አስር አለ አይደል?"

"እኔም አንዷን ከባኮው ወስጄ ይሆናላ። እንዳንተ።"

እጄን አነሳለሁ። ውድድሩን የምትመራው ጆኔል ጎንበስ ብላ ትመጣለች። "የሰው ዒላማ መታሁ፣ ሰርዢኝ" እላታለሁ። ከኪሴ ቀለሁን አውጥቼ አሳያታለሁ። የዚህ ሜዳ ሰው ኪሱ ቀለህ አጥቶ አያውቅም። የኔን ወረቀት በመነጽር ታያለች፣ የሳቸውን ታያለች፣ ከዚያ ዓይኖቿ ለስለስ ይሉና ክንዴን ጨበጥ ታደርገኛለች። የአዮዋን ነገር ያልሰማ የለም።

"አይዞህ" ትለኛለች ቀስ ብላ። "ገብቶኛል። ግን ያላየሁትን እንዴት ብዬ ልጻፍ?"

"እውነቴን ነው የምልሽ!"

"ተወው በቃ፣ ልጄ" ይላሉ ኤልዉድ። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ስህተታቸውን ልሸፍንላቸው የዋሸሁ መስሏቸው፣ ባደርገው ኖሮ የሚያኮራኝን ደግነት እያመሰገኑኝ ነው፤ ያደረግሁትን ደግሞ የሚያምነኝ የለም። የጠብመንጃውን መዝጊያ ይከፍታሉ፣ ባዶነቱን ለጆኔል ያሳያሉ፣ ጠረጴዛውን ይዘው ይነሳሉ። ማርሊስ ከኋላ መጥታ ክንዳቸውን ትይዛቸዋለች። በሌላው እጇ ጠብመንጃውን ታነሳለች። እኔን ግን በእንባ በተሞላ ዓይን ታየኝና "አመሰግናለሁ" ትለኛለች።

ለዙሩ ከተሰጠን ጊዜ ሰባት ደቂቃ ይቀራል። ስድስት ክብ ይቀረኛል። የውድድሩ ሰዓት አይቆምም።

ሊሄዱ ሲሉ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ያንሾካሹካሉ። "አትቸኩል። ነፋሱ ሊዞር ነው፣ ወደ ቀኝ።"

ሜዳው ላይ የተተከሉትን የነፋስ መጠቆሚያ ባንዲራዎች አያለሁ። አራቱም ቀጥ ብለው ወደ ግራ ይውለበለባሉ፣ የመዞር ምልክት እንኳ የለባቸውም። ዓይኔን ሳልነቅል እጠብቃለሁ። መጀመሪያ የሩቋ፣ ዒላማው ሥር ያለችው፣ ጭራዋን ትጥላለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ትዞራለች።