ማንም የሌለበት አድራሻ

ፖስታ ቤት ውስጥ ሥራዬ ባለቤት አጥተው የተመለሱ ደብዳቤዎችን መለየት ነው። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ ኢንተርኔት ላይ ለሚጫወተው ጨዋታ አካውንት ሲከፍት፣ ከጭንቅላቱ የፈጠረውን ኢሜይል ሲያስገባ ሳየው ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«የሰው አድራሻ ቢሆንስ? ያንተን ጣጣ የማታውቀው ሰው ደጃፍ ላይ ትጥላለህ?»

«አይ መርፌ!» አለኝ እየሳቀ። ስነዘንዘው እንዲህ ነበር የሚለኝ፤ ከእሱ በቀር በዚህ ስም የሚጠራኝ የለም። «እዛ እኮ ማንም የለም።»

ባለፈው ወር ቀበርነው።

ጨዋታው ውስጥ የሠራት ቤት አለች። በረንዳዋ ላይ ለእኔ ብሎ አንድ ወንበር አስቀምጦ ነበር። ቤቷን ለማየት ብሞክር የይለፍ ቃሉን አላውቀውም፤ እንዲቀየርልኝ ብጠይቅም የመቀየሪያው ቁጥር የተላከው ወደዚያው የውሸት ኢሜይል ነው። እንደማይሆን እያወቅሁ በምሳ ሰዓት ወደዚያ ጻፍኩ።

«ማን እንደሆኑ አላውቅም። የወንድሜ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ቁጥር ደርሶዎት ከሆነ እባክዎ ይላኩልኝ። አድራሻዎን ሳያስፈቅድ ስለተጠቀመ በእሱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ባለቤት የሌለው አድራሻ መልእክቱን ወዲያው ይመልሳል። ጠበቅሁ። አልተመለሰም።

የከሰዓቱን ደብዳቤ ግማሽ ያህል ከለየሁ በኋላ መልስ መጣ። መጀመሪያ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦

«መርፌ፣ እውነቴን ነበር እኮ። እዚህ ማንም የለም።»