ያልደረቀው ጀሚድ

ወድሐ ጀሚዱን፣ በጨው ታሽቶ የሚደርቀውን የአሬራ ድቡልቡል፣ ለሁለት ሰበረችና መሃሉን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ላዩ ድንጋይ መስሎ ውስጡ ገና እርጥብ ነው።

«ከከራክ ገበያ ገዛሁት ነው ያልከኝ?»

ባሏ ናይፍ ከጆንያው የቀረውን ሰገነቱ ላይ እያሰጣ ነበር። ቀና ሳይል አዎ አላት። ይኸው አራተኛ ዓመቱ፣ በየበጋው አንድ ጆንያ፣ በየበጋው ያው መልስ።

አዬ ናይፍ! ውሸትም እኮ ሙያ ይጠይቃል። የፍየል አሬራ አጣርቶ፣ በጨው አሽቶ፣ በእጁ ጨብጦ አድቦልቡሎ ለገበያ የሚያወጣ ሰው ጥርስ እስኪሰብር ሳያደርቅ አይሸጥም። እርጥቡ ይሻግታል፤ ገዢም ተመልሶ ያዋርደዋል። እርጥቡን እንካ ብሎ የሚሰጥ ዘመድ ነው፣ አለዚያም ወዳጅ። ናይፍ እናትም እህትም የለውም። የእሷ እናት ሸምሳ ደግሞ ገና በሠርጉ ቀን «እዚያ ሰውዬ ቤት እግሬም ቃሌም አይደርስም» ብላ ምላለች፤ ሸምሳ ከማለች ማለች ነው።

እንግዲህ ወዳጅ አለችው ማለት ነው። ከሸለቆው ማዶ ፍየል የምታረባ አንዲት ፈት አለች፤ መልኳም አይጠላም። ወድሐ ልጇን አዝላ ልውጣ ብትል እንኳ የምትገባበት የእናት ቤት የላትም።

«ማን ናት?»

«ምኗ ማን?»

«ይህን የሰጠችህ።»

ናይፍ መጀመሪያ ማለ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ጀርባውን ሰጥቷት ማስጣቱን ቀጠለ። ከመሐላውም ከቁጣውም ይልቅ ይህ አቃጠላት።

ሌላ ጀሚድ አነሳች። የጨበጠው እጅ ጣቶች ምልክት ላዩ ላይ ደርቆ ቀርቷል። የዚያችን ሴት እጅ ልትለካ፣ አለንጋ ጣት ትሁን ዱልዱም ልታውቅ፣ ቀኝ እጇን በጎድጓዶቹ ላይ አሳረፈች። አልገጠመም። አዙራ ሞከረች፤ አሁንም አውራ ጣቷ ያለቦታው ወደቀ። ጀሚዱን ወደ ግራ እጇ አዛወረችው።

ልክክ አለ።

በዚያ አገር በግራ እጁ ምግብ የሚነካ የለም። በግራዋ የምትሠራ ወድሐ የምታውቃት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ በልጅነቷ ግራ እጇን ከወገቧ ጋር አስረው እንኳ ልማዷን ሊያስተዋት አልቻሉም። ወድሐ እንግዳ በመጣ ቁጥር በዚያች እጅ ስታፍር ነው ያደገችው።

«አስምላኛለች» አለ ናይፍ ቀስ ብሎ። «ልጄ ያወቀች ቀን ደጄን እንዳትረግጥ ብላኛለች።»

ወድሐ ፊቷን አዞረች። እንባዋ መጣ፣ ዋጠችው። ከስባሪው ቆንጥራ አፏ ውስጥ አደረገችና አጣጣመችው።

«ለዚያች ለከራክ ገበያዋ ነጋዴህ ንገራት» አለችው። «ዘንድሮ ጨው አሳንሰሻል በላት።»

«በስድብ ነው የምትቀበለኝ።»

«ትሳደብ» አለች፤ «ከስድቧ አንዱንም ሳታስቀር ይዘህልኝ ና።»