አንዱ ጎን ይበቃል

ባለሜትሩ ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ዕለት ሳሊማ የወደቀ ማንጎ እየለቀመች ነበር። ሰውዬው ቢጫ ሰደርያ ለብሷል፤ ጥቅልል ሜትር በእጁ ይዟል። አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አየና፣ «እናቴ፣ አንድ አፍታ ገብቼ ልለካ?» አላት።

የሳሊማ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ስትደነግጥ ያችውም ትጠፋባታለች። «እኔ አይለካም! እኔ ምንም አይፈርምም! ሂድ!» አለችና የቀርከሃውን በር ጠረቀመችው።

መቼስ አይፈረድባትም። ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ በሚወስደው መንገድ ዳር የሰፈረው ሰው ሁሉ ያን ሰሞን እንቅልፍ የለውም። ቦታውን አንድ ባለሀብት ለመጋዘን ፈልጎታል ይባላል። ቀድመው ከሌላ መንደር የተነሱ ሰዎች ነግረዋቸዋል፦ መጀመሪያ ሜትር ይገባል፤ ከሜትር ቀጥሎ ችካል፤ ከችካል ቀጥሎ ዶዘር። ስለዚህ ሰፈሩ ተማማለ። ሜትር ለያዘ ሰው በር አይከፈትም። ሳይለካ የተነሳ ሰው የለማ!

ሳሊማ በዚህ ዓለም ያላት ይህችው ግቢ ናት። ባሏ ሙርሳል ለሥራ ጉባ ወርዷል፤ እሷ ከልጇ ከዓፊያ ጋር ብቻዋን ናት። አንድ ጎጆ፣ የቀርከሃ አጥር፣ ከአጥሩ ማዕዘን ወጣ ብሎ ደግሞ አባቷ የተከለው ማንጎ። ይህን ከተነጠቀች ልጇን ይዛ የት ትወድቃለች?

ገበያ መውጣት ተወች። ዞር ካልኩ ይገባል ብላ ፈራች። ማንጎው በጆንያ ውስጥ በሰበሰ። ጎረቤቷ ብዙወርቅ፣ ወላጆቿ በሰፈራ ከወሎ የመጡ፣ ዱላ ይዛ እየመጣች አብራት ትቀመጣለች።

«ይምጣ እስቲ!» ትላለች ብዙወርቅ። «ወላዲቷን! ያንን ሜትር ነው የማስውጠው!»

እንዲህ ትበል እንጂ ሞተር በሰማች ቁጥር ዱላውን የምትጥለው እሷ ናት።

ባለሜትሩ ግን አይቆጣም። ይመጣል፣ በአጥር ሥር ሥር ይሄዳል፣ ፈገግ ይላል፣ ይመለሳል። ሳሊማን አብዝቶ ያስፈራት ፈገግታው ነው። የተናደደ ሰው ይሻላል፤ ቢያንስ ያሰበው ይታወቃል።

ሰፈሩን የሚያጽናናው መምህር ሙዳሲር ብቻ ነበር። የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ዓፊያን አራተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምራታል። አዲሱን ሞተር ብስክሌቱን ማንጎው ሥር ያቆምና በበርታ ቋንቋ፣ «አይዞሽ እናቴ፣» ይላታል። «ሜትር የያዘ ሰው እንዳታስገቢ። አደራ።»

«አላህ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጄ!» ትለዋለች፤ ከማንጎውም ደህና ደህናውን መርጣ ታሸክመዋለች።

አንድ ቀን ዓፊያ ከትምህርት ቤት ገመድ ይዛ መጣች። ገመዱ በየሜትሩ ቋጠሮ አለው። መምህሩ ራሱ ቋጥሮ ለመንገድ ዳር ልጆች አድሏቸዋል፤ ከወንዝ ማዶ የሚመጡት ጥቁር ሰሌዳውን ይለካሉ።

«እማ፣ የግቢያችንን ዙሪያ ለክተሽ ነይ ተባልኩ።»

ሳሊማ ክው አለች። «ማነው ያለሽ?»

«የቤት ሥራ ነዋ! ግቢያችን ካሬ አይደል? የካሬ አራቱም ጎን እኩል ነው። አንዱን ለክቶ በአራት ማባዛት ነው። ቲቸር አንዱ ጎን ይበቃል ብሏል።»

እናትየው እፎይ አለች። በራሷ ፍርሃት አፈረች፤ የልጅ የቤት ሥራ ያስደነግጣል? የገመዱን ጫፍ ራሷ ያዘችላት። ዓፊያ ከአጥሩ ማዕዘን ልትጀምር ስትል ግን ከለከለቻት።

«ማንጎውስ? የአባቴን ማንጎ ውጭ ልትተዪው ነው? ከማንጎው ጀምሪ።»

«እማ፣ አጥሩ አሥራ አራት ነው። ከማንጎው ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ይሆናል፤ ይበላሽብኛል!»

«ይበላሽ! ማንጎው የእኛ ነው።»

ዓፊያ አፏን አሞጥሙጣ አሥራ ስድስትን በአራት አባዛች። ስልሳ አራት። ከዚያ ሳቋ መጣ። «እማ፣ እንደዚህ ከሆነ እኮ በአራቱም በኩል ማንጎ አለን!»

ሳሊማ ያን ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

በማግስቱ ዓፊያ እየበረረች ተመለሰች። «ቲቸር ልክ ነሽ አለኝ! ጎበዝ አለኝ!» እናትና ልጅ ተያዩና እንደገና ሳቁ። ሌላ ሰው አላየ፤ ምስጢሩ የሁለቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ባለሜትሩ ጠፋ። ሰፈሩ፣ ተስፋ ቆርጦ ነው አለ። ሳሊማ ግን ይብሱን ፈራች። ዝምታው አላማራትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ?

ደረሰም። አንድ ረፋድ ላይ ፒክአፕ መኪና ማንጎው ሥር ቆመ። ቢጫ ሰደርያው ወረደ፤ ከኋላው ችካል የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ወረዱ። ሳሊማ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ዓፊያን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት። ብዙወርቅ ዱላዋን እንደያዘች በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀች።

«አንቺ ሳሊማ!» አለች በሹክሹክታ። «እጁ ባዶ ነው! ሜትር የለውም!»

«ወላሂ በይ?»

«ማርያምን! ያለ ሜትር ምን ሊያመጣ? ዝም ብለሽ በርሽን ያዢ።»

«አልሐምዱሊላህ፣» አለች ሳሊማ፤ ትንፋሿ ተመለሰላት።

ሰውዬው በሩን አላንኳኳም። ወደ ሠራተኞቹ ዞረ።

«ችካሉን ትከሉ፤ ጎኑ አሥራ ስድስት፣ ዙሪያው ስልሳ አራት።»