የግንቦቱ ሠርግ

የልጅቷ የሠርግ ቀን ለግንቦት ተቆርጦ ነበር። እጮኛዋ እዮብ በእግር ኳስ ሊጉ የሚጫወት ተከላካይ ነው። አንድ ቀን ደወለላትና፣ «የኔ ቆንጆ፣ ጉድ ሆንን። ውድድሩን እስከ ነሐሴ አራዘሙት። እኛን ማን ይሰማናል?» አላት። ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች፤ የሊጉን ሰዎች ረገመች።

በማግስቱ ቬሎዋን ወደምታሰፋበት ሱቅ ሄዳ እዮብ ውድድሩ ስለተራዘመበት ሠርጉ መገፋቱን ተናገረች።

«እሱስ ምን ያድርግ!» ብላ ልብስ ሰፊዋ አጽናናቻት።

ሱቁ ውስጥ የተከፈተው ሬዲዮ ስለ ስፖርት ያወራል። ጋዜጠኛው፣ «ውድድሩ ይራዘም ብሎ የጠየቀው የተጫዋቾች ተወካይ አብሮን አለ። ጨዋታው አልበዛባችሁም?» አለ።

«ኧረ እንዲያውም!» ሲል እዮብ ሳቀ። «እኔማ እስከ መስከረም ይቀጥል ብዬ ለምኜ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ሬዲዮውን ዘጋችው።