ቅያሱ አፍ ላይ የተደፋ ቆሻሻ

ያን ሰሞን ወለተጻድቅ እንደ ጎረቤቷ እንደ ሸዋገነት የጠላችው ሰው አልነበረም። ኮልፌ ውስጥ ስንት ሜዳ እያለ ሸዋገነት የቤቷን ቆሻሻ የምትደፋው ወደ ወለተጻድቅ ቤት ብቻ በሚያስገባው ጠባብ ቅያስ አፍ ላይ፣ ከራሷ አጥር ጥግ ነበር። እሷን ያየ ሁሉ ይደፋል፤ የሽንኩርቱ ልጣጭ፣ አመዱ፣ የበጉ ፈርስ እዚያው ተቆለለ። የማዘጋጃ ቤት መኪና እንደሆነ ጭቃውን ፈርቶ ከቀረ ቆይቷል።

ሽታውስ ይሁን። እንቅልፍ የነሳት የቀበሌው ደንብ ነው፤ ደጁን ያላጸዳ ሰው ግቢው ይፈተሻል። "ጎጃም አጎቱ ዘንድ ሄዷል" የምትለው ልጇ ጌታሁን ደግሞ ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ ጓዳዋ ተደብቋል። ለውትድርና የሚያፍሱት ታጣቂዎች ሰፈሩን ሁለቴ አስሰው እሷ ጋ ሳይደርሱ ሲመለሱ "ሚካኤል ጋረደልኝ" ብላ ነበር።

ሸዋገነት ሳታውቅ አልቀረችም። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል፣

"ማነው እንዲህ የሚያስለው?" አለቻት።

"እኔ ነኝ። ምን አገባሽ?"

"የወንድ ሳል መሰለኝ።"

ቆሻሻው የተጀመረው በማግስቱ ነው። ቀበሌን ጎትታ ልታመጣብኝ ነው፣ አለች ወለተጻድቅ። መንገድ ላይ ያዘቻት።

"አንቺ፣ ምን በድዬሽ ነው?"

ሸዋገነት ግራ ቀኙን አየች። መንገዱ ሰው በሰው ነበር።

"ተይው ብዬሻለሁ፣ ተይው! ካነሳሽው ትጸጸቻለሽ።"

ጭራሽ ማስፈራራት! የወለተጻድቅ ደም ፈላ።

እሁድ ነዋሪው ለጽዳት ዘመቻ አካፋና መጥረጊያ ይዞ ሲሰበሰብ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ኃይለ መስቀል ፊት ቆመች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ቆሻሻው የእኔ አይደለም። ደፊዋ ይቻትላችሁ!"

ኃይለ መስቀል ወደ ሸዋገነት ዞረ። "ለምንድነው እዚህ የሚደፉት?"

ሸዋገነት ወለተጻድቅን ትክ ብላ አየቻት።

"ደስ ስላለኝ" አለች።

"ፀረ ሕዝብ!" ብሎ ጮኸ። አብዮት ጠባቂው ክንዷን ይዞ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወሰዳት። ወለተጻድቅ እልል ማለት አማራት። ጎረቤቱ ተረባርቦ ክምሩን አነሳ፤ ቅያሱ እስከ በሯ ድረስ ወለል ብሎ ታየ።

ሰኞ ረፋድ ላይ በሯ ተንኳኳ። ከቀበሌው የበላይ ከከፍተኛው የተላኩ፣ ሰፈሩን በቅጡ የማያውቁ ታጣቂዎች ነበሩ። ጌታሁንን ከጓዳ ጎትተው ሲያወጡት አለቃቸው ወደ ቅያሱ መለስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ለካ እዚህ ቤት ኖሯል! ያቺ ቅያሱ አፍ ላይ ያለችው ሴትዮ 'ከዚህ ወዲያ ሰው የለም፣ የሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ ነው' እያለች ስትመልሰን ከርማ!"